ባለ 289ኙን ሙስታንግ ወደ ማንዋል መቀየር፦ አንድ ጥያቄና 34 ምላሾች

ክሩን (ጥያቄና ምላሾቹ የተደረደሩበትን የኢንተርኔት ውይይት) የከፈተው ቨርጂኒያ የሚኖር ልጅ ነው። የ1966 ፎርድ ሙስታንግ ኩፔ አለው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። ሞተሩ 289 ቪ8 ነው (ስምንት ሲሊንደር፣ 289 ኪዩቢክ ኢንች)፣ ባለ አራት ጉሮሮ ካርቡራተር፤ ኤ ኮድ የሚባለው፣ ፎርድ በዘመኑ 225 የፈረስ ጉልበት ብሎ የሸጠው። ካምቢዮው ግን ሲ4 ነው። ሲ4 ማለት ባለ ሦስት ማርሽ አውቶማቲክ ነው።

ልጁ የጠየቀው በትህትና ነው። መኪናው ጤነኛ ነው፣ አውቶማቲኩም እንከን የለበትም። ግን እንዲህ ያለ ሞተር ይዞ ግራ እግርን ሥራ ፈት ማድረግ አላስደሰተውም። ደግሞ ሀይዌይ ላይ ሞተሩ ይጮህበታል። ስለዚህ ከ1980ዎቹ መጨረሻ ሙስታንግ የወጣ ቲ5 ባለ አምስት ማርሽ ካምቢዮ አፈላልጎ አግኝቷል። ሻጩ ፍሪሲዮኑንና ቮላኖውንም መርቆ ሊሰጠው ነው። ቮላኖ ማለት ሞተሩ ጫፍ ላይ የሚታሰረው ከባዱ ክብ ብረት ነው። ጥያቄዎቹ ሦስት ናቸው፦ ይገጥማል ወይ? ሌላ ምን ልግዛ? ቦዲ መቁረጥ ሊኖርብኝ ነው ወይ?

ያቺን የተመረቀች ቮላኖ ያዙልኝ። ክሩ ውስጥ ከማንም በላይ ብዙ ያወራች እሷ ናት።

ምላሽ 1 እና 2 እንኳን ደስ አለህ እና ፎቶ አምጣ ናቸው። እንለፋቸው።

ምላሽ 3 ሜሪላንድ ያለ ሰው ነው፤ በ1965 ሙስታንጉ ላይ ይህንኑ ሥራ ሠርቷል። መልሱ አጭርና ግልጽ ነው። ቲ5 በእነዚህ ዓመታት ሙስታንጎች ላይ ቦዲ ሳይቆረጥ ይገባል። ማርሽ መምቻው የሚወጣበት ቦታም ለጥንቱ ማንዋል ከተሠራው ብዙም አይርቅም። ካምቢዮውን ከሥር የሚሸከመው ድልድይ ግን ሌላ መሆን አለበት፤ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ይሸጣል። የጥንቱን ደወል (ካምቢዮውን ከሞተር ጋር የሚያያይዘውን ቤት) መጠቀም የሚፈልግ ደግሞ መካከል ላይ የሚገባ ማገናኛ ሳህን ያስፈልገዋል፣ የቲ5 ብሎኖች አቀማመጥ ከድሮዎቹ ስለሚለይ። የፍሪሲዮን ፔዳል፣ ጠባቡ የፍሬን ፔዳል፣ ከፔዳሉ እስከ ደወሉ ያለው ዘንግ። ይኼን ሁሉ ቆጥሮ ሲያበቃ አንድ ምክር ጨመረ፦ ዋናውን ካምቢዮ ከመግዛትህ በፊት ትናንሾቹን ዕቃዎች ደምር፤ ሰው ኪሱ የሚራቆተው እነሱ ላይ ነው ይላል። ልክ ነው።

ምላሽ 4 የሞተሩን ጀርባ ብሎኖች እንዲቆጥር ነገረው። መጀመሪያ የወጡት 289ኞች ደወሉን በአምስት ብሎን ነበር የሚይዙት፤ የቲ5 ደወል ደግሞ ባለ ስድስት ነው። ሜሪላንዴው ወዲያው ተመልሶ ስጋቱን አነሳለት። ፎርድ ወደ ስድስት የተሸጋገረው በ1964 ክረምት ማብቂያ ገደማ ስለሆነ የ1966 መኪና ሞተሩ ካልተለወጠ በቀር ባለ ስድስት ነው።

እስከዚህ ድረስ ሰላም ነበር።

ምላሽ 5 ላይ የመጡት ሰው ነገሩን እንደ ነውር ነው ያዩት። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሳይነካካ የኖረን መኪና ምን አድርግ ብሎህ ነው ዓይነት ወቀሳ ነው። ግድ ከሆነ ደግሞ የዘመኑን ካምቢዮ፣ ቶፕሎደር የሚባለውን ባለ አራት ማርሽ ፎርድ ይፈልግ አሉ። ክዳኑ ከላይ የሆነ፣ ጠንካራ፣ መኪናው ሲወለድ በአማራጭነት ይሸጥ የነበረ። የ1980ዎቹን ዕቃ 1966 ውስጥ መክተት ግን በእሳቸው ዓይን ርኩሰት ነው።

ምላሽ 6 ለዚህ የሰጠው መልስ ለኔ አጥጋቢ ነበር። ቶፕሎደር ግሩም ካምቢዮ ነው፤ እሱን የሚክድ የለም። ግን አራተኛው ማርሽ አንድ ለአንድ ነው፤ ሞተሩ አንድ ዙር ሲዞር ከካምቢዮው የሚወጣው ዘንግም አንድ። የሲ4 ሦስተኛውም አንድ ለአንድ ነው። ስለዚህ ልጁ ያን ሁሉ ገንዘብ አውጥቶ፣ ያን ሁሉ ብሎን ፈትቶ፣ ሀይዌይ ላይ የሚሰማው ጩኸት ያው የድሮው ይሆናል። የቲ5 አምስተኛው 0.68 ነው፤ ለዚያው አንድ የዘንግ ዙር ሞተሩ 0.68 ብቻ ይዞራል። ልዩነቱ እዚያ ላይ ነው።

ምላሽ 7 ደግሞ ያላሰብኩትን ነገር አመጣ። በሩ ላይ ያለችው ሳህን የካምቢዮውን ዓይነት በቁጥር ትናገራለች። ለ1966 ሲ4 6 ቁጥር ነው፣ ባለ አራቱ ማንዋል 5 ቁጥር። ቲ5 የገባበት መኪና ማንንም ሊያታልል አይችልም፤ ሙስታንግ ላይ የታየው በ1983 ስለሆነ ዕውቀት ያለው ገዢ በአንድ እይታ ይለየዋል። ሳህን ለውጦ ፋብሪካው ነው የሠራው ብሎ የመሸጥ ፈተና የሚመጣው በቶፕሎደር ነው። ለንጽህና እንከራከራለን የሚሉት ሰዎች ሳያስቡት የሐሰት ሰነድ በር እየከፈቱ ነው አለ። ባለ ምላሽ 5 በዚህ ተቆጥተው ሌላ አልጻፉም፤ እስከ 19 ድረስ።

አሁን ወደ ቮላኖዋ።

ምላሽ 8 የጻፈችው ሲያትል ያለች እህት ናት። የራሷን 1968 ሙስታንግ ራሷ ፈታ የገጠመች መሆኗ ከአጻጻፏ ያስታውቃል። ልጁ ካምቢዮውን ይግዛ፣ ቮላኖውን ግን እንዳይገጥመው አለች። ምክንያቱን አብራራችው። የፎርድ ትንሹ ቪ8 ሚዛኑን ብቻውን አይጠብቅም። ፊት ለፊት ያለው ዳምፐር (ንዝረት የሚያበርደው ክብ ብረት) እና ኋላ ያለው ቮላኖ ሆን ተብሎ ወደ አንድ ጎን እንዲከብዱ ይደረጋል፣ የክራንኩን (ሞተሩ ውስጥ የሚዞረውን ዋና ዘንግ) ሚዛን እንዲያሟሉ። 289ኙና የድሮው 302 የሚፈልጉት ጭማሪ 28 አውንስ የሚባለውን ነው። ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ያለው 5.0 ሊትር ሞተር (የተመረቀችው ቮላኖ የመጣችበት) ግን ክራንኩ ስለተለወጠ 50 አውንስ ነው። ሁለቱ ቮላኖዎች በዓይን አይለዩም ማለት ይቻላል። ብሎናቸውም ይገጥማል። ችግሩም ይኸው ነው፤ ባይገጥም ኖሮ ማንም አይሳሳትም ነበር።

ምላሽ 9 ላይ የመጣው ሰውዬ እህቴ ብሎ ጀምሮ፣ ቮላኖ ቮላኖ ነው፣ ኢንተርኔት ላይ ያነበብሽውን ሁሉ አትመኚ የሚል ነገር ጻፈ። እህቴ የሚለው ቃል ፍቅር የሌለበት እህቴ ነበር።

ምላሽ 10 የእሷ ነው። በጣም አጭር ነው፣ በጣም ስለታም ነው። ከኢንተርኔት ሳይሆን ከገዛ ጋራዧ ወለል እንደተማረችው፣ አሮጌውንና አዲሱን ጎን ለጎን አስቀምጣ የተቆፈሩትን ቀዳዳዎችና የተጨመረውን ክብደት እንዳነጻጸረች ገለጸች። ከዚያ አንድ ጥያቄ አቀረበችለት፦ የ5.0 ሞተር የፊት ዳምፐር 289 ላይ ቢታሰር ምን ይሆናል? ሰውየው አልመለሰም። ከዚያ በኋላም ክሩ ውስጥ አልታየም።

ምላሽ 11 ግን በእሱ ፋንታ መለሰ ሊባል ይችላል። ኦሃዮ ያለ ሰው ነው። መኪናውን አንድ ጋራዥ ሰጥቶ ካምቢዮ አስቀየረ። ሲረከብ በዝግታ ደህና ነበር። 2,000 ዙር ሲያልፍ መስታወቱ ውስጥ ያለው መኪና ሁሉ ሁለት ሁለት ሆነበት፣ መሪው እጁ ላይ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ጋራዡ ጎማ ነው አለው፤ ጎማ አስተካከለ። ወደ ኋላ የሚሄደው ዘንግ ነው አሉት፤ አስመዘነ። በመጨረሻ ሌላ ሰው ካምቢዮውን አውርዶ ሲያየው ባለ 50 ቮላኖ 289 ላይ ታስሯል። አዲስ ባለ 28 ገዝቶ ሲገጥም ጸጥ አለ። የጋራዡን ስም አልጠራም፤ እኔም ብጠይቀው እንደማይነግረኝ እገምታለሁ።

ምላሽ 12 የጋሼ ነው። ክሩ ላይ ሁሉም ጋሼ ይሏቸዋል። አዲስ አበባ መካኒክ የነበሩ፣ አሁን ሜሪላንድ የሚኖሩ ሰው ናቸው። ጽሑፋቸው ረጅም ነው፤ ነጥብ የለውም፣ አንቀጽ የለውም፣ ግን ከውስጡ የሚጣል ነገር አላገኘሁም።

መጀመሪያ የጻፉት ስለ ትንሿ ኩሽኔታ ነው። ማንዋል ካምቢዮ ከፊቱ የሚወጣው ዘንግ ጫፉ የሚያርፈው ክራንኩ ጀርባ ላይ ባለ ጉድጓድ ውስጥ ነው። አውቶማቲክ ሆኖ የተወለደ መኪና ጉድጓዱ አለው፣ ኩሽኔታው ግን የለውም፤ አያስፈልገውማ። ሰው ካምቢዮውን ሰቅሎ፣ ገፍቶ፣ ብሎኑን አጥብቆ ከጨረሰ በኋላ ነው ትዝ የሚለው። ያኔ ሁሉም ይወርዳል። ዋጋዋ ከአንድ ምሳ ያነሰች ዕቃ ናት አሉ።

ሁለተኛ ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ። በአውቶማቲክና በማንዋል መካከል ጥርሱ ወደፊት የሚወጣበት ልክ ይለያያል፤ የድሮውን መልሶ ማሰር የቮላኖውን ጥርስ ማስበላት ነው። ሦስተኛ ደግሞ ብዙ ሰው የማያደርገው ነገር፦ ደወሉ ከታሰረ በኋላ መሐሉ ከክራንኩ መሐል ጋር መግጠሙን በዲያል ጌጅ (በባለ መርፌ መለኪያ) መለካት። ክራንኩ አንድ ዙር ሲዞር መርፌዋ ከአምስት ሺህኛ ኢንች በላይ መወዛወዝ የለባትም። ካለፈች መሐሉን የሚያስተካክሉ ጠማማ ፒኖች ይሸጣሉ። ይህን ያልለካ ሰው ማርሽ አልገባ ሲለው ፍሪሲዮኑን ይረግማል፣ የፊት ኩሽኔታው ሲያልቅ ደግሞ ካምቢዮ የሸጠለትን ሰው ይረግማል አሉ ጋሼ። እርግማን ከመለካት እንደሚቀል አክለውበታል።

ምላሽ 13 እና 14 ምርቃት ናቸው። ዕድሜ ይስጥልን፣ ጤና ይስጥልን። ከመካከላቸው አንደኛው ጋሼን ቅዳሜ ቤቱ ጋብዟቸዋል፤ ግብዣው የቡና ይሁን የብሎን አልታወቀም።

ቀጥሎ የመጣው ጠብ ነው።

ምላሽ 15 ቲ5ን ካምቢዮ ብሎ ለመጥራትም የከበደው ሰው ነው። ቁጥር ይዞ ነው የመጣው። የ1985 እስከ 1989 ቲ5 እንዲችል የተመደበለት 265 ፓውንድ ፉት (የጉትት፣ ማለትም የመጠምዘዝ ኃይል መለኪያ) ነው፤ ከ1990 እስከ 1993 ያለው 300። የልጁ ሞተር 305 ያወጣል ተብሎ የተጻፈ ነው። ስለዚህ ሒሳቡ አልቋል፣ ካምቢዮው በመጀመሪያው ሳምንት ይበተናል። አጻጻፉ እንደ አስተማሪ ነበር፣ ትንሽም የሚያንጓጥጥ።

ምላሽ 16 ይህን ሒሳብ በአንድ አንቀጽ አፈረሰው። የ1966ቱ ቁጥር ግሮስ የሚባለው ነው፦ ሞተሩ ለብቻው ቆሞ፣ የአየር ማጣሪያና የመኪናው ሙሉ ጭስ ማውጫ ሳይታሰርበት፣ የሚጎትተው ዕቃ ሳይኖር የተለካ። የአሜሪካ ፋብሪካዎች ወደ ኔት፣ ማለትም ሁሉም ዕቃ እንደታሰረ ወደሚለካው፣ የዞሩት በ1972 ገደማ ነው። አሁን የሚያስቀውን ነገር ስሙ። የ1987 ሙስታንግ 5.0 የተጻፈለት ጉልበት 225 ነው፣ ጉትቱ 300። ቁጥሩ ከልጁ 289 ጋር አንድ ነው ማለት ይቻላል፣ መለኪያው ግን ኔት ነው። ማለትም 5.0 ከ289ኙ በእውነት ይበረታል። ፎርድ ደግሞ ከዚያ ከበረታው ሞተር ኋላ ያሰረው ይህንኑ ቲ5 ነው። ያ ሁሉ ሕዝብ ነድቶታል።

ጨዋ መልስ ነበር። ምላሽ 17 ግን ባለ 15 ተመልሶ፣ የራሱ ጓደኛ ሦስተኛ ማርሽ እንደተሰበረበት ጻፈ፤ ባለ 16ንም ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚነዳ ብሎ ሰደበው። ባለ 16 እዚያው ስር ጓደኛው ምን ጎማ እንደነበረው ጠየቀ። የድራግ (የአጭር ርቀት ፍጥነት ውድድር) ጎማ ሆኖ ተገኘ። እውነትም የቲ5 ድካም የሚታወቀው ሦስተኛው ላይ ነው፣ ግን አስፋልት ላይ በሚጣበቅ ጎማ ፍሪሲዮን በድንገት ለሚለቅ ሰው። በተራ ጎማ ጎማው ራሱ ቀድሞ ይንሸራተታል፣ ካምቢዮው ይተርፋል።

ምላሽ 18 ጠቡን ለማብረድ ይሁን ለማባባስ፣ ትሬሜክ ቲኬኦ 600 የሚባለውን ካምቢዮ ይግዛ አለ። 600 ፓውንድ ፉት ይችላል። ለእነዚህ ሙስታንጎች ግን ወፍራም ስለሆነ የመሐሉን ዋሻ (ካምቢዮው የሚያልፍበትን የወለል ጉብታ) መቁረጥ ይጠይቃል። በ2021 የመጣው ቲኬኤክስ የተባለው ተተኪው ቀጠን ያለ ነው፣ አቅሙም አይተናነስም። ዋጋቸው ግን ከአሮጌ ቲ5 ጋር በአንድ ቀን አይነገርም።

ምላሽ 19 የአዛውንቱ መመለስ ነው፤ ባለ ምላሽ 5። መቁረጥ የሚለውን ቃል ሲሰሙ አላስቻላቸውም። አሁን ግን አንድ እርምጃ ለቀዋል፦ ካላጠፋሁ ሞቼ እገኛለሁ ካልክ፣ ቲ5ው ይሻላል፣ ቢያንስ ነገ ተፈትቶ የድሮው መልሶ ይታሰራል አሉ። ሲ4ውን ከነድልድዩ፣ ከነፔዳሉ፣ ከነዘንጉ በላስቲክ ጠቅልሎ ስም ጽፎ እንዲያስቀምጥ አዘዙት። ልጁ እሺ አባቴ ብሎ መለሰ። ክሩ ውስጥ ካሉት ለዛ ያላቸው ቦታዎች አንዱ ይኼ ነው።

ምላሽ 20 ብቻውን የቆመ ድምፅ ነበር። ጉልበቱን የሚያመው፣ በየቀኑ 495 በሚባለው የዋሽንግተን ዙሪያ ሀይዌይ ላይ ትራፊክ ውስጥ የሚቆም ሰው ነው። ማንዋል ለምን? ኤኦዲ የሚባል ባለ አራት ማርሽ፣ ኦቨርድራይቭ (ከአንድ ለአንድ ያነሰ የመጨረሻ ማርሽ) ያለው የፎርድ አውቶማቲክ አለ፤ የሀይዌዩን ጩኸት እሱም ያስቀራል አለ። ሳቁበት። እኔ አልሳቅሁም፤ ጥያቄው ጩኸቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ መልሱ እሱ ነበር።

ከ21 እስከ 25 ክሩ መንገድ ሳተ። አንዱ ስለ ቸርችል ጎዳና ዳገት አነሳ፣ መብራት ይዞት ወደ ፒያሳ ሽቅብ የቆመ ሰው በእጅ ፍሬንና በግማሽ ፍሪሲዮን እንዴት እንደሚነሳ። ከዚያ በኋላ ማን ይመልሳቸው! የአጎት ቮልስ መጣ፣ ሰማያዊና ነጭ ላዳ መጣ፣ ኋላው ላይ ተጠግቶ የቆመ ሚኒባስ መጣ። ዱባይ ያለ አንድ ልጅ እዚያ የአውቶማቲክ ብቻ መንጃ ፈቃድ እንዳለውና ማንዋል መንዳት በሕግ እንደማይፈቀድለት ሲናገር አዘኑለት፤ ከፊሉ በእውነት፣ ከፊሉ በሹፈት። ምላሽ 25 የዛሬ ልጅ ዳገት አያውቅም ብሎ ደመደመ። የዛሬ ልጅ የተባሉት ደግሞ ዝም አላሉም፤ አብዛኛው ስድብ በአወያዩ ተሰርዟል።

ምላሽ 26 ቁም ነገር ያለው ማፈንገጥ ነው። አንድ ሰው መኪናውን ሠርቶ አዲስ አበባ መውሰድ ይቻል እንደሆን ጠየቀ። ሌሎች ተቀባበሉት። ኢትዮጵያ ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄዱ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከልክላለች፤ ሙስታንግ ደግሞ ከቤንዚን ሌላ አይጠጣም። ጋሼ ብቅ ብለው ጨመሩ፦ ቢገባም ካርቡራተሩ ቨርጂኒያ ላይ እንደተስተካከለ ከ2,300 ሜትር በላይ አይሠራም፣ አየሩ ስስ ስለሆነ ቤንዚን ይበዛበታል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፤ ጄቱን (ቤንዚን የሚያልፍበትን ቀዳዳ) ማሳነስ ግድ ነው። ምላሽ 27 አወያዩ ነው፤ ወደ ርዕሱ እንድንመለስ።

የመለሰን ፍራንክፈርት ያለ ወገን ነው፣ ምላሽ 28። ቢኤምደብሊው ኢ30 325አይ ላይ ዜድኤፍ አውቶማቲኩን አውጥቶ ጌትራግ 260 ማንዋል አስገብቷል። በጀርመን ሥራውን ፈታሽ አይቶ መፈረም አለበት። እሱን ያዳነው ፋብሪካው ያንን መኪና በዚያው ካምቢዮ ይሸጥ የነበረ መሆኑ ነው፤ ዕድሜው 30 ዓመት ለሞላ መኪና የሚሰጠውን የታሪካዊ ሰሌዳ ፊደልም አላሳጣውም። ለአሜሪካኖቹ እንዲህ ብትሠሩ ማንም አይጠይቃችሁም ብሎ ትንሽ ቀናባቸው።

ምላሽ 29 ላይ የሲያትሏ እህት ተመለሰች፤ በዚህ ጊዜ ማንም እህቴ አላላትም። ስለ ፔዳል ነው። የድሮው የፍሪሲዮን ፔዳል ከዳሽቦርዱ ስር እግርን የሚያግዝ ወፍራም ስፕሪንግ አለው፤ የተሠራው ለዚያ ዘመን ከባድ ፍሪሲዮን ነው። አዲሱ ዲያፍራም ፍሪሲዮን ሲገባ ስፕሪንጉ ከፔዳሉ ይበረታል፣ ሲረግጡት ወለሉ ላይ ቀርቶ አይመለስም። ስለዚህ ስፕሪንጉ ይውጣ አለች። ሌላው ደግሞ በሞተሩና በቦዲው መካከል የሚሻገረው የዜድ ዘንግ ነው። ረጃጅም የጭስ ቱቦ ሄደርስ ያለው መኪና ላይ ዘንጉ ከቱቦው ጋር ይጋጫል። ልጁ ሄደርስ ካለው ኬብል ወይም ሃይድሮሊክ ያስብ፤ ከሌለው የፋብሪካውን ዘንግ አይናቅ። ልጁ የለኝም ብሏል። ገላገለችው።

ምላሽ 30 ሁላችንንም አሳቀን። አውቶማቲክ መኪና ፓርክ ወይም ኒውትራል ላይ ካልሆነ እንዳይነሳ የሚያደርግ ስዊች አለው። ካምቢዮው ሲለወጥ ስዊቹ አብሮ ይወጣል። ሰውየው ሽቦዎቹን አገናኝቶ ተወው፤ ሚስቱ ጋራዥ ውስጥ ቁልፉን ስታዞር መኪናው አንደኛ ማርሽ ላይ ነበር። ዘሎ የልብስ ማጠቢያውን ማሽን መታ። ማሽኑ አዲስ ነበር፣ መኪናው ግን ምንም አልሆነም፤ ጠቡ የተራዘመውም ለዚያ ነው። አሁን ፍሪሲዮን ካልተረገጠ የማያስነሳ ስዊች ፔዳሉ ላይ አስገብቷል። ወደ ኋላ ሲሄዱ የሚበራውን መብራትም ሽቦ ከቲ5ው ስዊች ጋር ማያያዝ እንዳይረሳ አሳስቧል።

ምላሽ 31 ከዚያ በፊት አንድም ነገር ጽፎ የማያውቅ ሰው ነው። ለኔ ከክሩ ሁሉ የሚበልጠው የእሱ ነው። ስለ ካምቢዮ አንድ ቃል አልጻፈም። የጻፈው ስለ ፍሬን ነው። የ1966 ሙስታንግ የፍሬን ማስተር አንድ ጉድጓድ፣ አንድ መስመር ነው። አራቱም ጎማ ከአንድ ምንጭ ይጠጣል። አንድ ጎማ ጋ ያለ ቱቦ ቢፈነዳ አራቱም ጋ ፍሬን አይኖርም። ሙስታንግ ፊትና ኋላ የተለያየ ሁለት መስመር ያገኘው በ1967 ነው። ልጁ ለፔዳሉ ሲል ዳሽቦርዱ ስር ተኝቶ፣ የፍሬን ፔዳሉን አውጥቶ፣ ማስተሩን ነካክቶ ሊመለስ ነው፤ ያን ሁሉ ከፈታ በኋላ ባለ አንድ መስመሩን መልሶ ማሰር ምን የሚሉት ነው? ባለ ሁለቱ ዋጋው ትንሽ ነው፣ የሚጨመሩት ቱቦዎችም ጥቂት ናቸው። ሠላሳ ምላሽ ስለ ጉልበትና ስለ ንጽህና ሲጨቃጨቅ ስለ መቆም ያነሳ አልነበረም።

ማንም አልተከራከረውም። ጋሼ ብቻ፣ እኔ ነበርኩ ይህን መናገር የነበረብኝ ብለው ተጸጸቱ።

ምላሽ 32 ሒሳብ ነው፣ የኋላውን ዲፈረንሻል ይመለከታል። ልጁ ያለው 3.00 ነው፤ ዘንጉ ሦስት ጊዜ ሲዞር ጎማው አንዴ ይዞራል ማለት ነው። 25 ኢንች ቁመት ባለው ጎማ፣ በሰዓት 65 ማይል፣ ዛሬ ሞተሩ ወደ 2,600 ዙር ይዞራል፤ አውቶማቲኩ ስለሚያንሸራትት ትንሽ ይጨምራል። በቲ5 አምስተኛ ማርሽ ይህ ወደ 1,780 ይወርዳል። ጸጥ ይላል፣ ግን ዳገት ሲመጣ ሞተሩ ይደክማል፣ ወደ አራተኛ መመለስ ግድ ይሆናል። ዲፈረንሻሉን 3.55 ቢያደርገው 2,100 ገደማ ይሆናል። በሌላ በኩል የዚህ ቲ5 አንደኛ ማርሽ 3.35 ስለሆነ ራሱ አጭር ነው፤ 3.55 ሲጨመርበት መስቀለኛ መንገድ ሳይሻገር ሁለተኛ መምታት ነው። ጸሐፊው እንደ አቅራቢ እንጂ እንደ ፈራጅ አልጻፈም። እኔ ግን ልፍረድ፦ መጀመሪያ በ3.00 ይንዳው። ይህ መኪና ባለ 8 ኢንች ዲፈረንሻል ነው፣ መሐሉ ለብቻው ተፈትቶ ይወጣል፤ በኋላ መለወጥ የቅዳሜ ሥራ ነው።

ምላሽ 33 ልጁ ራሱ ነው። ሁሉንም አመሰገነ፣ ጋሼን ሁለት ጊዜ። ካምቢዮውን ገዝቷል። ቮላኖውን ሻጩ ጋ ትቶታል፤ በምትኩ ባለ 28 አዲስ አዟል። ባለ ሁለት መስመር የፍሬን ማስተሩ ከሁሉ ቀድሞ ይገባል። የዜድ ዘንግ ይጠቀማል። ሲ4ው ሳይሸጥ ይቀመጣል። አንድ የቀረው ጥያቄ ዘይት ነበር፤ ሰዎች የወፍራሙን የማርሽ ዘይት ነግረውታል። ባለ ምላሽ 3 ሜሪላንዴው አስቆመው፦ ከ1985 ወዲህ ያለው ወርልድ ክላስ የሚባለው ቲ5 የሚጠጣው የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ነው፣ 2.6 ሊትር ያህል። ማርሽ የሚያስማሙት ቀለበቶች ሽፋናቸው ስስ ስለሆነ ወፍራም ዘይት አይወዱም፤ በብርድ ጊዜ ማርሹ አልገባ ይላል።

ምላሽ 34 ዳላስ ያለ ሰው ነው። ባለ 8 ኢንች ዲፈረንሻል መሐል፣ 3.40፣ ለሽያጭ አለኝ አለ። በ3.40 ሲሰላ አምስተኛ ላይ 65 ማይል 2,020 ዙር አካባቢ ነው፣ ከሁለቱ መሐል። ልጁ ዋጋ ጠየቀ፣ ሰውየው በውስጥ መስመር ና አለው። አሁን የተያዙት ማጓጓዣውን ማን ይከፍላል የሚለው ላይ ነው።